እንቁላሉን ማን ታቀፈው?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ምን ማለት ነው ተብሎ የተጠየቀ ሰው መልሱ አይጠፋውም፦ ታገስ፣ አትቸኩል፣ ጊዜው ሲደርስ ይሆናል። ቤት ጀምሮ ብር ላጠረው ይነገራል፤ ፈተና ለከበደው ተማሪ ይነገራል፤ ከሕመም ለሚያገግም ይነገራል። በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ በተተከለ ድንኳን ውስጥ፣ አንድ አባት ራሷን ላመማት የዘጠኝ ዓመት ልጁ ተናገረው። ተረቱ ያለቦታው የገባው ያን ሌሊት ነው።

ቤተሰቡ አራት ነው፦ አባት፣ እናት፣ የ14 ዓመት ወንድ ልጅና ታናሽ እህቱ። ከአዲስ አበባ ጎንደር የመጡት ለጥምቀት ነበር። በዓሉን ካከበሩ በኋላ ለስሜን አራት ቀን መደቡ። አገሩን የሚያውቅ ወዳጃቸው «መጀመሪያ ደባርቅ እደሩ፣ በማግስቱ ሳንቃ በር፣ ከዚያ ግጭ ትወጣላችሁ» ብሏቸዋል። አባትየው ቀኑን ቢቆጥር ቢቆጥር አልበቃው አለ። ልጆቹ እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ቆመው፣ ቢቻል ቧሂት ተራራንም ወጥተው እንዲያዩ ጓጉቷል። ስለዚህ ከጎንደር በማለዳ ተነሱ። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዘገቡ፤ ጠብመንጃ ያነገቱ፣ ሸምገል ያሉ ስካውት ተመደቡላቸው፤ በቅሎና በቅሎ ነጂ ተከራዩ። ሳንቃ በርን በመኪና አልፈው፣ የጅንባርን ሸለቆ በእግር አቋርጠው፣ ዓይን ሲይዝ ግጭ ደረሱ። ከ2,100 ሜትር ገደማ ተነስተው በአንድ ቀን 3,600 ሜትር።

መንገዱ ላይ ከሁሉም ቀድማ የምትሮጠው ልጅቷ ነበረች። ጭላዳዎቹ መቶም ሁለት መቶም ሆነው ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ አይታ፣ አጠገባቸው ተቀምጣ እሷም ሣር ነጨች። ከዝንጀሮ ወገን ሣር ዋና ቀለቡ የሆነው ጭላዳ ብቻ ነው፤ ሣር ደግሞ ቶሎ አያጠግብም፣ ቀኑን ሙሉ ሲለቅሙ መዋል ነው። ደረታቸው ላይ ያለውን ቀይ ቆዳ እያየች «ይቺ ልቧ ውጭ ነው» አለች። ስካውቱ ሳቁና «አንቺስ ብትሆኚ ልብሽ ፊት ፊት እየሮጠ አይደለም? ቀስ በይ ልጄ» አሏት። ጫፍ ጫፉን ጅብራው ቆሟል። ለዓመታት ቅጠሉን እየዘረጋ ይቆይና አንዴ አብቦ ይሞታል።

ማታ ላይ እናትየዋ ከጎንደር በገለባ ጠቅልላ ያመጣቻቸውን እንቁላሎች ቀቀለች። ውሃው ቶሎ ፈላ፤ ተንደቀደቀ። ቤቷ በለመደችው ደቂቃ አውጥታ ብትልጠው ነጩ ገና አልጠናም፣ አስኳሉ እጇ ላይ ፈሰሰ። መልሳ ጣደችው። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በላይ እሳት ቢጨመርበት አይግልም፣ ተንኖ ያልቃል እንጂ። የሚያበስለው መቆየቱ ነው። አየሩ ሲሳሳ የውሃው ነገር እንዲህ ከሆነ የሰው ደም ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ ግን ያን ማታ አልነበረም። ልጅቷ እንቁላሉንም በሶውንም አልፈልግም አለች። ደክሟት ነው ተባለ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ራሴን አለች። ሰባት ሰዓት ላይ አስመለሳት። ከድንኳኑ ውጭ ሣሩ በአመዳይ ነጥቷል፤ የጀሪካኑ ውሃ አፉ ላይ በረዶ ሠርቷል። አባትየው ጋቢውን ደርቦ አቀፋትና «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ቀስ በቀስ ትለምጂዋለሽ» አላት። ከልቡ ነው የተናገረው። ደግሞ ነገሩ ውሸት አይደለም፤ የሰው ገላ ከፍታን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። በ3,600 ሜትር ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከሚያስገባው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ነው። ገላ ይህን ለማካካስ ትንፋሹን ያፈጥናል፤ ኩላሊት የደሙን ኬሚካል ለማስተካከል ቀናት ይወስድበታል፤ ቀይ የደም ሴል እስኪበዛ ሳምንታት ያልፋሉ። ሐኪሞችም በመጀመሪያው ቀን ከ2,750 ሜትር በላይ ወጥታችሁ አትደሩ፣ ከ3,000 በኋላ የመኝታችሁ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ያደገ ሰው ከባሕር ዳርቻ ከመጣ ሰው ይሻላል እንጂ ከሕጉ ነፃ አይደለም።

እዚህ ላይ ተረቱን ራሱን ከፍቶ ማየት ይገባል። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ጊዜ ስላለፈ ብቻ አይደለም። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ እንቁላልም እኮ ጊዜ ያልፍበታል፤ ቀስ በቀስ ይገማል። በእግሩ የሚሄደው የታቀፈው ነው። ዶሮይቱ 21 ቀን ትተኛበታለች፤ በቀን ብዙ ጊዜ በመንቁሯ ታገላብጠዋለች፤ ለጥሬና ለውሃ ብድግ ብትል ሳይቀዘቅዝባት ፈጥና ትመለሳለች። ጫጩቱም ለብዙ ሰዓት ታግሎ ቅርፊቱን ከውስጥ የሚሰብረው ራሱ ነው። ተረቱ ዶሮዋን አልጠራትም፤ ያልጠራትም ሰሚው ሁሉ በጓሮው ስለሚያያት ይመስላል። ዶሮን በገበያ ብቻ ለሚያውቅ ከተሜ ግን የተረፈው «ቀስ በቀስ» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ ሙቀቱና ጠባቂዋ ከውስጡ ወጥተዋል። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤት ውስጥ «ቀስ በቀስ» ሲባል «ተወው» ማለት ሆኗል። ለዘገየ ሕክምና፣ ለተራዘመ እርቅ፣ ቃል ለመናገር ለዘገየ ሕፃን ሳይቀር ይህ ቃል መሸፈኛ ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

በዚያ ድንኳን ውስጥ ታቅፋ ያደረችው እናትየዋ ነች። በየግማሽ ሰዓቱ ልጅቷን ትቀሰቅሳለች፣ ስሟን ታስጠራታለች፣ ውሃ በማንኪያ ትሰጣታለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቷ ሽንት ልትሸና ወጥታ ስትመለስ እግሯ ተሳሰረ፤ መሬቱ ሜዳ ሆኖ ሳለ ሁለት ጊዜ ተንገዳገደች። ይህን ያየችው እናቷ ብቻ ናት። ስካውቱን ጠራቻቸው።

እሳቸው ብዙ አልተናገሩም። ባትሪያቸውን ልጅቷ ፊት ላይ ሳይሆን እግሯ ላይ አበሩና «እስቲ ወደኔ ነይ» አሏት። አካሄዷን አዩ። ወደ አባትየው ዞረው «ጌታዬ፣ ይሄ የሚለመድ አይደለም። ቁልቁል ነው መድኃኒቱ። ሳይቃጠል በቅጠል» አሉ።

«ቢነጋልንስ?»

«ጨለማውን እኔ አውቀዋለሁ።»

አንዱ ተረት ሌላውን ያረመበት ቦታ ይህ ነው። ከፍታ ላይ ቀስ ማለት የሚሠራው ወደ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ሕመሙ ሲብስ፣ ይልቁንም ሰው መንገዳገድና መቃዠት ሲጀምር፣ አንጎል ማበጥ መጀመሩን ያመለክታል፤ ያን ጊዜ ንጋት አይጠበቅም፣ ይወረዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ ለውጥ ያመጣል። ልጅቷን በሁለት ጋቢ ጠቅልለው በቅሎ ላይ አወጧት፤ አባቷ ከጎን ደግፎ ይዟል፣ በቅሎ ነጂው ልጓሙን ይዞ ይመራል። በቅሎ ነጂው የተወለደው ግጭ መንደር ነው፤ ድንጋዩን ሁሉ በእግሩ ያውቀዋል። ጅንባርን ተሻግረው መኪናው ካደረበት መንገድ ሲደርሱ ጎህ ቀደደ። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሐኪም አይቷት ኦክስጅን አግኝታ፣ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ «ራበኝ» ሆነ።

የበቅሎ ነጂው መንደር ያኔ ባዶ ነበር፤ ነገሩ ከፓርኩ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገባ፤ ዋልያው ተመናምኖ፣ እርሻውና ግጦሹ ጓሳውን በልቶት፣ መኪና መንገዱ መሐሉን አቋርጦት ነበር። ከአደጋው መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ለዶሮ 21 ቀን፣ ለስሜን 21 ዓመት። ያም ቢሆን ጊዜው ብቻውን አልሠራም። ተለዋጭ መንገድ ተሠርቷል፤ ስካውቶች ብርድ ላይ አድረዋል፤ ከሁሉም በላይ በመቶ የሚቆጠሩ የግጭ አባወራዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ቀዬአቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። የስሜን ጓሳ ዳግም ሲለመልም ያየ ሰው እነዚያን አባወራዎች ሊያስባቸው ይገባል። ቀዬአቸውን ሰጥተው ያቀፉት እነሱ ናቸውና።

ቤተሰቡ ወደ አዲስ አበባ አልተመለሰም። ልጅቷ ደባርቅ ሁለት ሌሊት አደረች፤ እንደ መጀመሪያው ቀን ዘለለች፤ ሐኪሙም ፈቀደ። በመጨረሻው ቀን ረፋድ ላይ በመኪና ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ጭነቅ ወጡና ሳይመሽ ለመውረድ ተስማሙ፦ ቀን ከፍ ብሎ ውሎ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር። እሜት ጎጎም ቧሂትም ቀሩ። አባትየው በየሰዓቱ «ራስሽን ያምሻል?» ይላታል፤ እየጠየቀም እግሯን ያያል።

ጭነቅ ላይ ገደሉ አፋፍ ተቀምጠው የተቀቀለ እንቁላል በሉ፤ ደባርቅ በደንብ የበሰለ ነው። ከታች፣ የሰው እግር የማይደርስበት ጠርዝ ላይ፣ ቀንዳቸው ወደ ኋላ የተቆለመመ ሦስት ዋልያዎች ቆመዋል። አንዱ ሲንቀሳቀስ ትንሽ ጠጠር ተንከባልሎ ወደ ገደሉ ወረደ። ልጅቷ ቅርፊቱን በመዳፏ ይዛ፣ ጠጠሩ መሬት ሲነካ ለመስማት ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች። ድምፁ ሳይመጣ ቀረ።