የጠርሙሱ ዕድሜና የአዋቂው ዝምታ

አሮጌ ነገር ሁሉ ውድ ነውን? ዘመን ራሱ ዋጋን ይፈጥራልን? ወይስ ዋጋ የሚገኘው በዘመኑ ውስጥ ከተከናወነው ሥራ ነው? ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ አይደለም። በጅማም ሆነ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትም ሆነ በሌሎቹ የቡና ከተሞች፣ ከአንድ ቤት ቡፌ ውስጥ ክዳኑ ያልተከፈተ አሮጌ የውስኪ ጠርሙስ ቢገኝ ጥያቄው በተጨባጭ ይነሣል። ጠርሙሱ በስጦታ የመጣ ወይም ቡና ደኅና ዋጋ ባወጣበት ዓመት የተገዛ ሊሆን ይችላል። አባት ያኖረውን ልጆች ሲወርሱ «ለመሆኑ ስንት ዘመኑ ነው? ምንስ ያወጣል?» ማለታቸው አይቀርም።

በመለያው ወረቀት ላይ የሰፈረውን ዓመት ብቻ አይቶ መፍረድ የመጀመሪያው ስሕተት ነው። በጆኒ ዎከር ጠርሙስ ላይ የሚነበበው 1820 እ.ኤ.አ. ጆን ዎከር በስኮትላንድ፣ በኪልማርኖክ ከተማ፣ ሱቁን የከፈተበት ዘመን እንጂ ውስኪው የታሸገበት አይደለም። እውነተኛው ምስክር የሚገኘው ከጥቃቅኑ ነገር ነው። ለብሪታንያ ገበያ በታሸገ ጠርሙስ ላይ የአልኮሉ ኃይል በመቶኛ ሳይሆን «70 ፕሩፍ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ከ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ በፊት መሆኑን ያመለክታል፤ ይህም 40 በመቶ ማለት ነው። 75 ሴንቲ ሊትር የሚል የአውሮፓ ጠርሙስ በጥቅሉ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ይቀድማል፤ ከዚያ ወዲህ ልኩ 70 ሆኗልና። ዋይት ሆርስ የተባለው ውስኪ በጥምዝ የሚዘጋ ክዳን ያወጣው በ1926 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ክዳን ያለው የዚሁ ውስኪ ጠርሙስ ከዚያ ዓመት ሊቀድም አይችልም። የቤተሰብ ትዝታ ሲጠየቅም የዘመን አቆጣጠራችን ልዩነት መረሳት የለበትም። «በ1967 ተገዛ» የተባለው በአውሮፓውያን 1974 ወይም 1975 ነው፤ ይህን ያልለየ መርማሪ ጠርሙሱን በሰባትና በስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

ከዚህ ላይ በጥብቅ ሊጤን የሚገባው ሌላ ነገር አለ። የተቀላቀለ ውስኪ ከብቅል ውስኪና ከሌላ የእህል ውስኪ ተዋሕዶ የሚሠራ ነው። የስኮትላንድ ውስኪ በሕግ ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል መቀመጥ አለበት፤ በመለያው ላይ «12 ዓመት» ተብሎ ሲጻፍም ከተቀላቀሉት ሁሉ የትንሹን ዕድሜ ይናገራል። በበርሜሉ ውስጥ እንጨቱ ቀለምና ጣዕም ይሰጠዋል፤ አየርም ይሠራበታል። ጠርሙስ ከገባ በኋላ ግን ይህ ሥራ ይቆማል። የ12 ዓመቱ ውስኪ በቡፌ ውስጥ 40 ዓመት ቢቀመጥ ያው የ12 ዓመት ውስኪ ነው። ክዳኑ ከላላማ ይጎድላል እንጂ አይሻሻልም።

የጅማ ሕዝብ ይህን ከራሱ ኑሮ ያውቀዋል። ቡና ጀንፈል ሳለ ጥቂት ይታገሣል፤ ከተፈለፈለ በኋላ ግን ጊዜ መዓዛውን ይቀንሰዋል። በአንጻሩ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ በአገልግሎት ብዛት እየለሰለሰና እየጠቆረ ይከብራል። ቡናን ዘመን ይጎዳዋል፤ በርጩማውን ሰው በዘመን ውስጥ ያስጌጠዋል፤ በታሸገው ጠርሙስ ላይ ግን ዘመን እንዲሁ ያልፋል። እንግዲህ የጠርሙሱ ዋጋ ከመጠጡ መብሰል የመነጨ አይደለም፤ ከብርቅነቱና ከፈላጊው ብዛት የመጣ ነው። በገፍ የተመረተ ተራ ውስኪ ስላረጀ ብቻ ሀብት አይሆንም።

ብርቅነቱን የሚያውቅ ግን ሁሉም ሰው አይደለም። የሥነ ምግባሩ ጥያቄም የሚወለደው ከዚህ ነው፤ ገዢው የሚያውቀውን ሻጩ ሳያውቅ ቢቀር፣ ዝም ብሎ መግዛት ግፍ ነውን?

ሮማዊው ሲሴሮ በ44 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ይህን መሰል ጉዳይ መርምሯል። በሮድስ ደሴት ረኀብ ገብቶ ሳለ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን ያውቃል። ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ባቢሎናዊው ዲዮጀነስ ሻጭ ሕግ ያዘዘውን ጉድለት ከገለጸ ይበቃዋል ሲል፣ ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥር ግን የሰው ልጅ ጥቅም አንድ ስለሆነ መደበቅ አይገባም ብሎ ተከራከረ። ሲሴሮ ከደቀ መዝሙሩ ጋር ቆመ።

የሮድስ ጉዳይ ለቡና አገር ሩቅ አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በብራዚል፣ በፓራና፣ የወደቀው ውርጭ የዓለምን የቡና ዋጋ እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ አንሮታል። በጎማና በሊሙ ዛፍ ላይ የነበረው ፍሬ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዋጋው ነበር። እንዲህ ያለውን ወሬ ቀድሞ የሰማና ገበሬው ሳይሰማ ጀንፈሉን በትናንት ዋጋ የሰበሰበ ነጋዴ ቢኖር፣ ያተረፈው ከድካሙ ነው ወይስ ከገበሬው አለማወቅ?

«ዕውቀትም ድካም ነው፤ ደመወዝ ይገባዋል» የሚል መልስ ይሰማል። ሐሰት አይደለም። የጠርሙሱን ክዳንና መለያ ለይቶ ማወቅ ዓመታት ይፈጃል። ነገር ግን ደመወዝ በግልጽ ተጠይቆ በግልጽ የሚከፈል ነገር ነው። ከባልንጀራ አለማወቅ በስውር የሚወሰደው ሌላ ስም አለው።

ስለዚህ አሮጌ ጠርሙስ ይዞ የመጣን ወራሽ የሚያስተናግድ አዋቂ ሦስት ነገር ይጠበቅበታል፤ ያረጋገጠውን መናገር፣ ያላረጋገጠውን አለማስመሰል፣ የድካሙንም ዋጋ አስቀድሞ ማስታወቅ። ይህ አንዳንድ ጊዜ ትርፍ ያስቀርበታል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሀብት አገኘሁ ብሎ የመጣውን ሰው «ይህ ተራ ጠርሙስ ነው» ብሎ ማሳዘን ይሆናል። ሁለቱም የአንዱ እውነት ዕዳ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ሸሽቶ ሁለተኛውን ብቻ የሚናገር ሰው ገና እውነተኛ አልተባለም።