የመቻል ቆሽት

ና ልጄ፣ መደቡ ላይ አረፍ በል። ትናንት ከዱርቤቴ ገበያ ስንመለስ ስለ ውሻህ ስለ መቻል ያጫወትኸኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። መቻል ውሃ አይጠግብም፣ ሌሊቱን ይሸናል፣ የሰጡትን ሁሉ እየበላ ይከሳል። ሐኪሙ ‹‹ስኳር ነው›› ቢልህ ‹‹ለውሻም ስኳር አለ?›› ብለህ ሳቅህ።

አለ እንጂ። እኛ ስንናደድ ‹‹ቆሽቴ አረረ›› እንላለን፤ የመቻል ቆሽት ግን የእውነት ሥራውን ትቷል። ኢንሱሊን ስለማይሰጠው የበላው ደሙ ውስጥ ስኳር ሆኖ ይቀራል፤ ሥጋው ይራባል። እኔንም መርፌ ያስያዘኝ ይኸው በሽታ ነው።

‹‹ስንት ጊዜ ይኖርልኛል?›› ብለሃል። ያለ ኢንሱሊን መርፌ ብዙ አይቆይም። ሕክምና ከጀመሩት ውሾች ብዙዎቹ ሁለት ዓመት ገደማ ይኖራሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት የተሻገረ፣ በደንብ የተያዘ ደግሞ እንደ ጤነኛው አርጅቶ ይሞታል። ዐይኑን ሞራ ሊጋርደው ይችላል። ያን ጊዜ አትደንግጥ፤ ግቢውን በአፍንጫው ያውቀዋል፤ አንተ ብቻ የውሃ ዕቃውን ቦታ አትቀያይርበት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ይህ በሽታ ሰዓት አክባሪ ይፈልጋል፦ ጧት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት። ቀድሞ ይብላ፤ ከዚያ የጎኑን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገህ ውጋው። እምቢ ብሎ ካልበላ እንደ ወትሮው አትውጋ፣ ሐኪሙን ጠይቅ። መጠኑንም እሱ ይንገርህ፤ የእኔ ልክ ለመቻል አይሆንም። ምግቡ በየቀኑ አንድ ዓይነት፣ በልክ ይሁን፤ የድግስ ትራፊ ይቅርበት። ቢንቀጠቀጥ፣ ቢንገዳገድ መርፌው በዝቶበታልና ድዱን ማር ቀብተህ ወደ ሐኪም ሩጥ። ማቀዝቀዣ ስለሌለህ መድኃኒቱን እንደ እኔ በላስቲክ ቋጥረህ፣ እርጥብ አሸዋ ባለበት ገንቦ ውስጥ ጥላ ሥር አኑረው።

‹‹ለውሻ ይህ ሁሉ?›› እንዳትለኝ። በፈረንጆች 1921 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ላይ ባንቲንግና ቤስት የሚባሉ ሰዎች ይህን መድኃኒት ያገኙት በውሾች ላይ ሞክረው ነው። ቆሽታቸው ወጥቶ፣ እየተወጉ፣ መንገዱን ያሳዩት እነሱ ናቸው። በዓመቱ መድኃኒቱ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠ፤ ዛሬ እኔ ዘንድ ደርሷል። ውሻ በበላበት ይጮሃል፤ እኛ ግን ባልከፈልነው ዕዳ እንኖራለን።

የልጆችህን ጉሮሮ ዘግተህ አክመው አልልም። አቅም ካጣህ ለሐኪሙ ሳታፍር ንገረው፤ ሳይሠቃይ ያሳርፈዋል። መንገድ ዳር ለጅብ መጣል ግን ነውር ነው።

አቅሙ ካለህ ደግሞ እጅህ እንዳይፈራ ነገ ጧት አንድ ሰዓት ላይ መቻልን ይዘህ ና። እኔም የምወጋው ያኔ ነው፤ አይተህ ትለምዳለህ።