ብርድ ሁሉ ሰማዕትነት ነው?

በሊባኖስ፣ ቤይሩት አጠገብ፣ ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ፣ ኖር ማራሽ በሚባለው የአርመኖች ሰፈር፣ የአርባዎቹ ሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን አለ። የአርመን ቤተ ክርስቲያን ለእኛዋ እኅት ናትና በደጁ ሳልፍ እሳለማለሁ። እኛ አርባ ሐራ ሰማይ እንላቸዋለን፤ መታሰቢያቸው መጋቢት 13 ነው። በ320 እ.ኤ.አ. ገደማ በሰብስጥያ ክርስቶስን አንክድም ያሉ አርባ ወታደሮች ራቁታቸውን በበረዶ ሐይቅ ውስጥ አደሩ። ዳር ላይ ሙቅ ውኃ ተዘጋጅቶ ነበር። አንዱ አልችል ብሎ ወደዚያ ሮጠ፤ እንደገባም ሞተ። ከጠባቂዎቹ አንዱ በእርሱ ፈንታ ገብቶ ቁጥራቸውን ሞላ።

እኛ እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ይህን ታሪክ እርስ በርስ ለመጽናናት እናነሣዋለን። በክረምት አሠሪዎች ከቤይሩት ወደ ተራራዎቹ፣ ወደ ፋራያና ክፋርደብያን ይወጣሉ፤ ሠራተኛዋም ትከተላለች። እዚያ ያለው የመዛር የበረዶ መንሸራተቻ ጫፍ 2,465 ሜትር ነው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ አገሬ ከዚያም ከፍ ይላል፣ ውርጭ አውቃለሁ። የእኛ ውርጭ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል። የተራራው በረዶ ጫማ ውስጥ ገብቶ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀልጣል፣ ካልሲውን አርሶ ይቀመጣል። በነጠላ ጫማ ደረጃ ጥረጊ የተባለች ልጅ ማታ እግሯ ሲደነዝዝ «ቻይው እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያያል፤ አርባዎቹስ?» ትባላለች። እኔንም ብለውኛል።

እግዚአብሔር እንደሚያይ አምናለሁ። ሰማዕታቱ ግን የተመሰገኑት ስላልካዱ ነው እንጂ ስለበረዳቸው አይደለም። የዚያ ሙቅ ውኃ ዋጋ ክህደት ነበር። የቦት ጫማ ዋጋ ጥቂት ዶላር ነው፤ ማንም ሃይማኖትሽን ተዪ አላለም። እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓታል፤ ሕግ የነሣንን ጥበቃ እኛ ደግሞ በትዕግሥት ስም ራሳችንን ልንነፍግ አይገባም። ትዕግሥት የማይቀረውን መሸከም ነው። የሚቀረውን መከራ ዝም ብሎ መቀበል ሌላ ስም አለው፤ እኔ ቸልታ እለዋለሁ።

ብርድ መጀመሪያ ይጠዘጥዛል፣ ከዚያ ሕመሙ ይጠፋል። «ጸሎቴ ተሰማ፣ ተወኝ» ያለችኝ ልጅ አለች። ቁርጭምጭሚቷን ሳየው አመድ መስሏል፤ ጠቆር ባለ ቆዳችን ላይ ብርድ የመታው ቦታ እንዲያ ነው የሚታየው። ስነካት አልተሰማትም፣ ስጫነው ግን ሥጋው ለስላሳ ነበር፤ ጉዳቱ ገና ላይ ላዩን ነው ማለት ነው። ሕመም እግዚአብሔር በሥጋችን ላይ ያቆመው ዘብ ነው፤ ዘቡ ዝም ሲል ቤቱ ደኅና ነው ማለት አይደለም። እርጥቡን ካልሲ አውልቀን ለብ ባለ ውኃ፣ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሚሆን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ነከርነው። ሶቢያው (የቤት ማሞቂያው) ዳር ላድርገው ብላ ነበር፤ ከለከልኳት፤ የደነዘዘ ቆዳ እሳት ሲያቃጥለው አያውቅም። ማሸትም ሥጋውን ይጎዳል። ደሙ ሲመለስ አለቀሰች። ያን ሕመም በደስታ ነው ያየሁት። አድርቀን ላላ ባለ ጨርቅ ሸፈንነው፤ ዳግመኛ ብርድ ከመታው ስለሚብስ ያን ሌሊት ደጅ አልወጣችም።

ጌታ በጸሎተ ሐሙስ ዝቅ ብሎ ያጠበው እግር ነው። ካህናታችንም በየዓመቱ የምእመናንን እግር ያጥባሉ። እርሱ ያልናቀውን እግር እኛ ለበረዶ ልንሰጠው አይገባም።

እኅቶቼ፣ ተራራ እንሂድ ሲሏችሁ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቦት፣ የሱፍ ካልሲና መቀየሪያ ካልሲ ጠይቁ። ጫማው አይጥበብ፣ ደም ይከለክላል። እግራችሁ ከደነዘዘ ሥራውን ትታችሁ ግቡ። ሞቆም ስሜቱ ካልተመለሰ፣ ውኃ ከቋጠረ፣ ከደደረ ወይም ከጠቆረ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ በሉ። እምቢ ካሏችሁ፣ የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 140 ነው።