የማይታየው ሸክም

ውበት የራሱን ዋጋ ሊሰውር ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ለሠዓሊና ለባለቅኔ ብቻ የሚተው አይደለም። ከተማን የሚቀይሰው መሐንዲስም ይጋፈጠዋል። ለዚህም በባትሪ ኃይል የሚሄደው የከተማ ትራም ጥሩ አብነት ይሆነናል።

በደቡብ ፈረንሳይ የምትገኘው የኒስ ከተማ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የትራም መሥመር የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር። ትራሙ አብዛኛውን መንገድ ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ ኃይል እየሳበ እንዲጓዝ፣ ማሴናና ጋሪባልዲ ከተባሉት ታሪካዊ አደባባዮች ሲደርስ ግን በጣሪያው ላይ ያለውን የኃይል መቀበያ ክንድ አጥፎ በባትሪ እንዲሻገር ተደርጎ ተሠራ። በዚህም ዘዴ አደባባዮቹን የከበቡት ሕንጻዎች በሽቦ ሳይጋረዱ ለመታየት በቁ፤ በማሴና የሚያልፉት የካርኒቫል ትርዒት ረጃጅም ሠረገሎችም ከእንቅፋት ዳኑ። የእንግሊዟ በርሚንግሃምም እ.ኤ.አ. በ2019 ተመሳሳይ ዘዴ በመሐል ከተማዋ ሥራ ላይ አዋለች።

ሐሳቡ በመሠረቱ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ በፓሪስ በእርሳስ ባትሪ የሚሄዱ ትራሞች ነበሩ። ባትሪው እጅግ ከባድ፣ አሲዱም አስቸጋሪ ስለ ነበር ሽቦው አሸነፈ። ዛሬ ባትሪው ቀሏል። ይሁን እንጂ ከትራሙ የቀለለው ሸክም ከሰው ትከሻም ቀሏል ማለት ነውን?

ባትሪ የሚሠራው ከማዕድን ነው። የኒሱ ከኒኬል፣ የበርሚንግሃሙ ከሊቲየም ተሠርቷል። ከሊቲየም ባትሪዎች መካከል አያሌዎቹ ኮባልት ይገባባቸዋል። ከዓለም ኮባልት ከግማሽ የሚበልጠው የሚወጣው ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፑብሊክ ሲሆን፣ እዚያም ሕፃናት ሳይቀሩ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ በእጃቸው ሲቆፍሩ በተደጋጋሚ ታይቷል። የእያንዳንዱ ትራም ባትሪ ከዚያ ጉድጓድ የወጣ ነው ማለት አይደለም። ቁም ነገሩ፣ በአደባባዩ የሚንሸራሸረው ሰው ለመጠየቅ የሚያነሳሳው ነገር ማጣቱ ነው። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» እንዲሉ፣ የማናየው ድካም አያመንም።

ሽቦውም ቢሆን ከነቀፋ ነጻ አይደለም፤ መዳቡ ከመሬት የተቆፈረ ነው። ነገር ግን አንድ ቅንነት ነበረው፤ ኃይል ከባዶ እንደማይመጣ በመንገደኛው ራስ ላይ ተዘርግቶ ይመሰክር ነበር። ባትሪው ይህን ምስክር ጸጥ ያሰኘዋል።

ታዲያ ባትሪውን እንጣለው? አይደለም። ትራም ብዙ ሕዝብ በአንድነት የሚያጓጉዝ የጋራ ሀብት ነው፤ አደባባይም የሁሉ ነው። ለጥቂት ሰዎች መዝናኛ ሳይሆን ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ማዕድን የተሻለ ምክንያት አለው። ደግሞም የኒስ አሠራር ልክን ያስተምራል፤ ባትሪው የተሰጠው ድርሻ በእርግጥ የሚያስፈልግበት አጭር መንገድ ብቻ ነበርና። ስለሆነም ተገቢው ፍርድ መሣሪያውን ማውገዝ ሳይሆን ዋጋውን በግልጽ መቁጠር ነው፤ ይኸውም ቆፋሪው የድካሙን ዋጋ እንዲያገኝ፣ ሕፃኑ ከጉድጓዱ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት እንዲሄድ፣ ያረጀው ባትሪም ተመልሶ ለሥራ እንዲውል መጠየቅ ነው።

ሽቦውን ከአደባባዩ ማንሳት የመሐንዲሱ ሥራ ነው። የቆፋሪውን ድካም በአደባባዩ እንዲታይ ማድረግ ግን የኪነ ጥበብ ባለሙያውና የመምህሩ ግዴታ ነው።