የተገዛ ጠባሳ

ሰሞኑን ሙዚቃ የሚሞካክር የእህቴ ልጅ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ያ አሮጌ ቴፕ አለ እንዴ?» አለኝ። ኮምፒዩተሩ ድምፅ አጥርቶ ይቀዳለታል፤ የቸገረው ግን ጥራቱ ነው። «የጠራ ድምፅ ነፍስ የለውም» ባይ ነው። የካሴት ጥብጣብ ቀጭን ነው፤ በሰከንድ አምስት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይጓዝም። ስለዚህ የማግኔት ቅንጣቶቹ ከዜማው ጋር «ሽሽሽ» እያሉ ይሰማሉ። ልጁ የሚፈልገው ይህንኑ «ሽሽሽ» ነው።

መቼም ሰው የሸሸውን መልሶ ሲያሳድድ ማየት ይገርማል። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 እ.ኤ.አ. «ኔብራስካ»ን ቤቱ ቁጭ ብሎ ባለ አራት ትራክ ካሴት ላይ ቀዳው፤ ለሙከራ ነበር። ስቱዲዮ ገብቶ ከባንዱ ጋር ቢደግመው አልሆን አለው፤ ያንኑ የካሴት ቅጂ አሳተመ። ልብ በሉ! ሰውዬው የፈለገው ዘፈኑን ነው። ጉድለቱ ተከትሎት መጣ እንጂ አልተገዛም።

ይህን ብዬ ልጁን ልገሥጸው ስል አንድ ነገር ያዘኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ውጭ አገር ሳለሁ በካሴት ቀድታ የላከችልኝ ደብዳቤ አለ። ግማሹ አይሰማም። ልጁ፣ «በኮምፒዩተር ላጥራልህ?» ቢለኝ፣ «ተወው!» አልኩት። እኔስ ታዲያ ከእሱ በምን እሻላለሁ?

ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል። የኔ «ሽሽሽ» የኖርኩት ዘመን ጠባሳ ነው። ጠባሳ ቁስሉን ለሚያውቅ ሰው ይናገራል፤ ያለ ቁስል የተገዛ እንደሆነ ግን ጌጥ ነው። ጌጥም ኃጢአት አይደለም፤ ነፍስ ነው ካላሉት።

ቴፑን ሰጠሁት። «ብቻ መጀመሪያ የሚቀዳ ነገር ይኑርህ» አልኩት።