የጠራ ምስል ዕዳ

አንድን ነገር አጥርቶ ማየት ያን ነገር የራስ ለማድረግ መብት ይሰጣልን? ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ይመስላል። ይሁን እንጂ ካሜራውን በትከሻው አንጠልጥሎ ወደ ገጠር ደብር የሚወጣውን የፎቶግራፍ አፍቃሪ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ በደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ይኸው ጥያቄ ነው።

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም ለዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ ናት። በሊቃውንቱ ዘንድ የድጓ ማስመስከሪያ በመሆኗ፣ በየአገሩ ድጓ ሲማር የቆየ ደቀ መዝሙር ትምህርቱን አስመስክሮ መምህር ለመባል ወደ እርሷ ይዘልቃል። ቤተ ክርስቲያኗ ከውጭ ሲያዩዋት እንደ ብዙዎቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናት፤ በውስጧ ግን አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ሕንፃ ሸሽጋ ይዛለች። እ.ኤ.አ. በ1955 በዚያ ያለፈው ወጣቱ ተጓዥ ቶማስ ፓከናም ይህን አይቶ ተደነቀ፤ በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍም ለውጭው ዓለም አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ልሔም «ተገኘች» ተባለ። ለመሆኑ ለማን ጠፍታ ኖሯል? በማሕሌቷ ቆመው ሌሊቱን ለሚያነጉት ሊቃውንት ለአንድ ቀን እንኳ ጠፍታ አታውቅም። ያየ ሁሉ አገኘሁ ማለቱ፣ ያነሣ ሁሉ የእኔ ነው ለማለት የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

በዚያ ዘመን ከሩቅ ደብር ጥሩ ምስል ይዞ መመለስ የጥቂቶች ዕድል ነበር። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ስድስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ፊልም ይሠራ የነበረው፣ ሚዲየም ፎርማት የሚባለው የካሜራ ዐይነት፣ ወደ ዲጂታል ከተለወጠም በኋላ ለረጅም ጊዜ የታላላቅ ስቱዲዮዎች ንብረት ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ፔንታክስ 645ዲ ዋጋው ወደ 10,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። በ2017 ለገበያ የቀረበው የፉጂፊልም ጂኤፍኤክስ 50ኤስ ወደ 6,500 ዶላር ወረደ፤ በ2021 የተከተለው ሁለተኛው ትውልድ ደግሞ ሌንሱ ሳይጨመር በ4,000 ዶላር ተሸጠ። ያገለገለው ከዚህም ያንሳል። ገንዘቡ ለአንድ የጋይንት መምህር የማይታሰብ ነው፤ ለከተሜውና በውጭ አገር ለሚኖረው አማተር ግን በጥቂት ዓመት ቁጠባ የሚደረስበት ሆኗል።

መሣሪያው የሚሰጠው ጥቅም የሚናቅ አይደለም። ብርሃን የሚቀበለው ገጹ 44 በ33 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 36 በ24 ከሆነው ከተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ በስፋት አንድ ጊዜ ከሰባት ዐሥረኛ ያህል ይበልጣል። በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ከተተከለ በጨለማ ቅኔ ማሕሌት ውስጥ ያለ ፍላሽ፣ በዝግታ፣ ከጥላ ወደ ጥላ ያለውን ልዩነት ሳይቀር ይለቅማል። በድጓው ብራና ላይ ከንባቡ በላይ በረቂቅ የተጻፉትን የዜማ ምልክቶች አንድ በአንድ ያወጣል። ሆኖም ምልክቱ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ሆኖ ዜማውን ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ነው እንጂ ራሱ ዜማ አይደለም። ዜማው ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ ይተላለፋል። ፎቶግራፉ የቱንም ያህል ቢጠራ ፊደሉን ይቀዳል፤ ድምፁን አይቀዳም። አጥርቶ ማየት የማወቅ መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አለመሆኑ እዚህ ላይ ይገለጣል።

በፊልሙ ዘመን፣ በካሬ ቅርጽ በሚያነሣው ካሜራ፣ አንዱ ጥቅል ዐሥራ ሁለት ምስል ብቻ ይወጣው ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው ከማንሣቱ በፊት ለማሰብ፣ ለመጠየቅና ለመጠበቅ ይገደድ ነበር። ዛሬ ሺህ ጊዜ ቢጫን ተጨማሪ ኪሳራ የለበትም። በእጦት የመጣ ቁጥብነት እውነተኛ ጨዋነት ነበር ወይ ቢባል፣ እውነተኛነቱ የሚፈተነው እጦቱ ሲወገድ ነው። ልጓሙ ከመሣሪያው ላይ ወልቋል፤ እንግዲህ በሰውየው ኅሊና ላይ መታሰር አለበት።

እርግጥ ነው፣ እሳት፣ ዝናብና ሌባ ቅርሱን እያሰጉት ሳለ ማንም ያንሣው ማን፣ ምስል መኖሩ ካለመኖሩ ይሻላል የሚል ይኖራል። ክርክሩ ሚዛን ይደፋል። ግን ወዴት እንደሚያደርስ ማጤን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በጥቁርና ነጭ ፊልም አንሥቷል። የቅዱሳኑ ስም የተጻፈበት ቀይ ቀለም በዚያ ፊልም ላይ ቅላቱን አጥቷል። ይሁንና አንዱ ቅጂ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሚኒሶታ ሲሄድ ሌላው አዲስ አበባ ቀርቷል። በአንጻሩ ቀዩን ከነቅላቱ የያዘ፣ መቶ ጊዜ የጠራ ዲጂታል ምስል በአንድ አማተር የግል ዲስክ ውስጥ ተቆልፎ ቢቀር ከእሳቱ ማንን አዳነ? ማዳን ከሆነ ዓላማው፣ ምስሉ ባለቤቱ ዘንድ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ማዳን የሚለው ቃል የመውሰድ መሸፈኛ ይሆናል።

ስለዚህ የመሣሪያው ዋጋ በረከሰ መጠን የባለ መሣሪያው ግዴታ ይከብዳል። ፈቃድ ሳይጠይቅ አለማንሣት፣ አይሆንም ሲባል ካሜራውን መክደን፣ ጥንታዊ ሥዕልን በፍላሽ አለመደብደብ፣ ከሁሉም በላይ የጠራውን ምስል በወረቀት አትሞ ለደብሩ መመለስ። ወረቀት መብራት በሌለበትም ይነበባል።

ይህን ሥርዐት ከሩቅ መበደር አያስፈልግም፤ ቤተ ልሔም ራሷ ታስተምረዋለች። ድጓ ፈላጊው ተማሪ ቁራሽ እየለመነ፣ መምህሩን እያገለገለ ዓመታት ይቀመጣል። ሲያስመሰክርም የተቀበለውን ይዞ የሚሸሽበት ሳይሆን ሌላውን የሚያስተምርበት ሥልጣን ይሰጠዋል። በዚያ ደብር መቀበል ማለት ለመመለስ መበደር ነው። በ4,000 ዶላር ካሜራ የገዛ ሰው የከፈለው የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ ነው፤ የምስሉ ዕዳ ገና አልተነካም።