ፊታችን ለሱቅ፥ ጀርባችን ለታቦት

ወገኖቼ ሆይ፥ የአባቶቻችን ታቦታት በምርኮ ባሉባት ከተማ ውለን፥ አንዲት ጊዜ እንኳ ሳናስባቸው ተመልሰናልና ይህ ተግሣጽ ለሁላችን ነው። ለንደን የደረሰ ኢትዮጵያዊ፥ ከአዲስ አበባ ለዕረፍት የመጣም ሆነ ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ዘመድ ሊጠይቅ የተሻገረ፥ ቀኑን በምን እንደሚፈጽመው እናውቃለን። ማለዳ በቤተ መንግሥቱ አጥር ተጠግቶ የዘበኞቹን ቅይይር ያያል፤ ከሰዓቱ ግንብ ሥር ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ቀትር ላይ በኦክስፎርድ ስትሪት ከሱቅ ወደ ሱቅ ይዞራል፤ ሲመሽም ትርፍ ኪሎ እንዳይከፍል ሻንጣውን ደጋግሞ ይመዝናል። መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ ለእናት ጫማ፥ ለእኅት ልጅ ሹራብ ይዞ መመለስ የፍቅር ሥራ ነው። የሚያሳዝነው ከማለዳ እስከ ምሽት ለዓይናችንና ለእጃችን ጊዜ ስንሰጥ፥ ለአደራችን አንዲት ሰዓት መንፈጋችን ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በፋሲካ ማግስት፥ መቅደላ ወደቀች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው አለፉ። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ታቦቱን፥ ጽዋውን፥ መስቀሉን፥ ብራናውን ዘርፎ፥ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ካወረደ በኋላ በሐራጅ ሸጠው፤ ከገዢዎቹም አንዱ ብሪቲሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የላከው ሪቻርድ ሆምዝ ነበረ። ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ባንሰማው ኖሮ በደላችን በቀለለ ነበር፤ ነገር ግን ሰምተን ዘነጋን፥ ዘንግተንም በዝንጋኤያችን ላይ ተድላን ደረብንበት።

ዛሬ በዚያ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉ፤ 9ኙ ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አይመለከቷቸውም፤ ሊያያቸው የሚፈቀድለት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ካህን ብቻ ነው። ባዕዳን ለታቦቱ ክብር ሲሉ ዓይናቸውን ሲከለክሉ፥ እኛ ምን አደረግን? በአገራችን ታክሲ ተሳፍረን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስናልፍ፥ ወሬያችንን አቋርጠን የምናማትብ፥ አንዳንዱም ከመቀመጫው ጎንበስ ብሎ የሚሳለም ሕዝብ ነበርን፤ ማንም ያላዘዘን፥ ከእናቶቻችን ጀርባ ሆነን የተማርነው ሥርዓት ነበር። ሙዚየሙ ባለበት በግሬት ራስል ጎዳና ስናልፍ ግን እጃችን ወደ ግንባራችን አይነሣም። ወደ ውስጥ ብንገባም የሮዜታን ድንጋይና የግብፅን ሬሳዎች አይተን፥ በዕቃ ከረጢት ተከበን ሰልፊ ተነሥተን እንወጣለን፤ በዚያ ጣሪያ ሥር ማን እንዳለ ግን አንጠይቅም።

ከሃሮድስ ሱቅ እስከ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የዐሥር ደቂቃ ያህል የእግር መንገድ ነው። ሽቶ ለማሽተትና የማንገዛውን የእጅ ቦርሳ ዋጋ ለመጠየቅ ግማሽ ቀን በሃሮድስ የቆምን እኛ፥ ያን መንገድ አልሄድነውም። በዚያ እቴጌ ምንትዋብ ለቁስቋም ማርያም እንዳሠሩት የሚታመነው፥ በ18ኛው መቶ ዘመን በጎንደር የተሠራው የወርቅ አክሊል አለ፤ መግቢያውም በነጻ ነው። ለሰም ምስል ገንዘብ ከፍለን ልጆቻችንን ያስገባን ሰዎች፥ የገዛ አያቶቻቸውን የእጅ ሥራ ያለ ክፍያ ልናሳያቸው አልወደድንም። ሙስሊም ወገኔም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም፤ የተዘረፈው የአገር ገንዘብ ነውና። በብሪቲሽ ላይብረሪ ስላሉት ወደ 350 የሚጠጉ የመቅደላ ብራናዎች ምን እላለሁ? ግዕዝ የሚያነብበው ከእኛ መካከል እየጠፋ፥ የባዕድ ሊቅ ግን ገልጦ እያነበባቸው ነው።

የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁንም ረስተነዋል። በሰባት ዓመቱ ተወስዶ፥ አባት እናቱን አጥቶ፥ በብርድ አገር አድጎ፥ እ.ኤ.አ. በ1879 ገና በ18 ዓመቱ ሞተና በዊንዘር ተቀበረ። ዘበኞቹን ለማየት የምንጋፋለት ቤተ መንግሥት፥ እ.ኤ.አ. በ2023 አፅሙ ይመለስ ለሚለው ጥያቄ እንቢታውን አሰምቷል። ያን ሰሞን በየስልካችን ተቆጣን፥ አለቀስን፥ ጻፍን፤ ብዙዎቻችንም በሳምንቱ ከዚያው አጥር ሥር ፈገግ ብለን ፎቶግራፍ ተነሣን። ዊንዘር ድረስ የሄደውም የግንቡን ቁመት አድንቆ ተመለሰ እንጂ፥ ለዚያ ልጅ ነፍስ ይማር አላለም።

ታቦታቱን የያዙት ሰዎች እ.ኤ.አ. የ1963ቱን የሙዚየም ሕጋቸውን ጠቅሰው አንመልስም ሲሉ፥ ቁጣችን እውነተኛ ነው፤ ዝርፊያን ዝርፊያ ማለት ይገባል። ነገር ግን ባለቤት ነኝ ብሎ የሚሟገት ሰው፥ ንብረቱ ባለበት ሰፈር ውሎ፥ ደጁን ሳይጠይቅ ሸሚዝ ሲያማርጥ ከታየ፥ ሙግቱን በገዛ እጁ ያፈርሰዋል፤ ጠባቂዎቹም ይህን አይተው በልባቸው ያስቀምጡታል። እንግዲህ ወገኖቼ፥ ወደዚያች ከተማ የሚወስደን አውሮፕላን ነገም ይነሣልና፥ ከሱቁ አስቀድመን የምንረግጠው የሙዚየም ደጅ ይኑረን፤ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው።